ያልተሞላው መስመር

«ሥራሽ ምንድነው?» ሲሉኝ «የሰው ልጆችን ውሃ ላይ አወጣለሁ» እላለሁ። ለንደን ያለችው አክስቴ ይህን መጀመሪያ ስትሰማ «ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው?» አለችኝ። ሁለተኛው ጥያቄዋ ግን ደህና ጥያቄ ነበር፦ «ቢሰምጡብሽስ?»

«እንዳይሰምጡ ነው የሚከፈለኝ» ስላት ከት ብላ ሳቀች። የቀለድኩ መስሏት ነው።

የምሠራው ሰሜን ዌልስ፣ ተራራ ሥር ካለ አንድ ሐይቅ ዳር፣ ወጣቶችን ከቤት ውጭ ስፖርት በሚያሠራ ማዕከል ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቶች ይመጣሉ፣ የወጣት ክበቦች ይመጣሉ፣ በክረምት (በእኛ ክረምት ማለቴ ነው፣ ለእነሱ በጋ ነው) አልፎ አልፎ የሀበሻ ሰንበት ተማሪዎችም ይመጣሉ። ካያክ እናስቀዝፋለን፣ ዐለት እናስወጣለን፣ ዋሻ እናስገባለን። ፎቶው ሲታይ ሥራው ሁሉ ሳቅና ውሃ መራጨት ይመስላል። ግማሹ ግን ወረቀት ነው። የነፋስ ትንበያ አይተን እንጽፋለን። ገመድ ቆጥረን፣ የራስ ቁር አገላብጠን አይተን እንፈርማለን። ስንት ልጅ በስንት አሠልጣኝ፣ የትኛው ልጅ አስም አለበት፣ ማን ኦቾሎኒ አይበላም፣ ሁሉም ተጽፎ ይያዛል።

አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች በዚህ ወረቀት ይቀልዳሉ። አልፈርድባቸውም፤ እንግሊዞች ራሳቸው «ኸልዝ ኤንድ ሴፍቲ» የሚለውን ነገር ግማሽ ስድብ አድርገውታል። ትምህርት ቤት የበረዶ ኳስ ሲከለክል፣ ቀበሌው የመንደር ውድድር ሲሰርዝ፣ «ያው ኸልዝ ኤንድ ሴፍቲ ነዋ» ብለው ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። ለዚህም ይመስለኛል የእኛ ዋና አሠልጣኝ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር፣ ጀልባ ሳያስነካ፣ ሻይ አቅርቦ አንድ ታሪክ የሚናገረው። እኔም በመጀመሪያ ቀኔ ሰማሁት። ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ያ ሁሉ ወረቀት ከየት እንደመጣ ያለዚህ አይገባም።

ማርች 22 ቀን 1993 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ፕሊመዝ ከሚባለው የደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ከተማ ስምንት ተማሪዎች ከአንድ መምህራቸው ጋር ላይም ሪጂስ ወደሚባል የባሕር ዳር ከተማ፣ እዚያ ወዳለ የወጣቶች ማዕከል መጥተዋል። የዕለቱ ፕሮግራም ካያክ ነው። ከላይም ሪጂስ ተነስተው የባሕሩን ዳርቻ ተከትለው ቻርመዝ ወደምትባለው መንደር ይቀዝፋሉ፤ ሁለት ማይል ገደማ። ከሰዓት በፊት ተነስተው ለምሳ ይደርሳሉ። አብረዋቸው ሁለት አሠልጣኞች አሉ። አሠልጣኝ ይባሉ እንጂ በካያክ የነበራቸው ደረጃ ለጀማሪ የሚሰጠው የመጀመሪያው ኮከብ ብቻ ነበር። ማለትም እኛ ጋ ለአንድ ቀን የመጣ ልጅ አግኝቶት ሊሄድ የሚችል ዓይነት ነገር።

ገና እንደወጡ የመምህሩ ካያክ ተገለበጠ። ቀና አደረጉት፤ ደግሞ ተገለበጠ። አንደኛው አሠልጣኝ እሱን ለመርዳት ቀረ። ሌላኛው ልጆቹን ሰበሰበና ካያኮቻቸውን አያይዘው እንደ አንድ መደብ እንዲጠብቁ አደረገ። ሲጠብቁ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር እየነፈሰ ስለነበር ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ወሰዳቸው። መምህሩና የመጀመሪያው አሠልጣኝ ከዓይናቸው ጠፉ። ማዕበሉ ትልቅ ሆነ፣ ካያኮቹ ውሃ ሞሉ፣ አንድ በአንድ ተገለበጡ። በማርች ወር የእንግሊዝ ባሕር ውስጥ ናቸው። ሰው እንዲያያቸው የሚተኩሱት የብርሃን ርችት የላቸውም፤ የሚጠሩበት ሬዲዮ የላቸውም። ለምሳ ሳይደርሱ ቀርተውም ማዕከሉ የባሕር ጠባቂዎቹን የጠራው ሰዓታት ካለፉ በኋላ ነበር። እርዳታ ሲደርስ ቀኑ እየመሸ ነው። አራቱ ልጆች ሞቱ።

ዋና አሠልጣኛችን እዚህ ሲደርስ ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ ስለ ደብዳቤው ይናገራል።

ከአደጋው በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1992፣ እዚያው ማዕከል ይሠሩ የነበሩ ሁለት አሠልጣኞች ሥራቸውን ለቀዋል። ለቅቀውም ዝም አላሉም፤ ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ጻፉ። የደህንነት አያያዛችሁን በደንብ ተመልከቱ፣ ካልሆነ አንድ ቀን የሰው ልጅ ለምን ወደ ቤቱ እንዳልተመለሰ ስታስረዱ ትገኛላችሁ የሚል ነው መንፈሱ። ደብዳቤው ደርሷል፣ ተነቧል። የተለወጠ ነገር ግን አልነበረም።

በዲሴምበር 1994 ዊንቸስተር ያለው ፍርድ ቤት ሥራ አስኪያጁ ፒተር ካይትን በሰው መግደል ጥፋተኛ አለው። ሦስት ዓመት ተፈረደበት፣ በይግባኝ ወደ ሁለት ወረደ። ድርጅቱም ራሱ በሰው መግደል ጥፋተኛ ተብሎ 60,000 ፓውንድ ተቀጣ። በእንግሊዝ ሕግ ታሪክ አንድ ኩባንያ በዚህ ወንጀል ሲፈረድበት የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በፊት ተሞክሮ ነበር፤ በ1987 አንድ ትልቅ የመንገደኞች መርከብ በሩ ሳይዘጋ ወጥቶ ሰምጦ 193 ሰው ሞቷል፤ ክሱ ግን ፍርድ ቤት ውስጥ ፈረሰ። በትልቅ ኩባንያ ውስጥ ጥፋቱ ከመርከቡ ወለል እስከ አለቆቹ ቢሮ ሲደርስ በመንገድ ይበተናል፤ ማን ምን እንዳወቀ አይገኝም። የላይም ሪጂሱ ድርጅት ግን ትንሽ ነው። አለቃው አንድ ነው፤ ምን ያውቅ እንደነበርም ደብዳቤው ይናገራል።

እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የማልረሳው እነዚያን ሁለት ሰዎች ነው። ምናልባት በእኔ ዕድሜ ነበሩ። ምናልባት ወጥ ቤት ቁጭ ብለው «እንጻፍ?» «ምን ዋጋ አለው?» ተባብለዋል። ለአለቃ ጻፉ እንበል፣ አለቃው ካልሰማስ ለማን ነው የሚጻፈው? በዚያን ጊዜ ማንም ሰው ጥቂት ካያክ ገዝቶ፣ ሰሌዳ ሰቅሎ፣ የሰው ልጆችን መቀበል ይችል ነበር። መጥቶ የሚያይ፣ ፈቃድ የሚሰጥ፣ ፈቃድ የሚነጥቅ አልነበረም።

ይህን ነው የልጆቹ ወላጆች የቀየሩት። ዴቪድ ጄሚሰን የተባለው የፕሊመዝ የፓርላማ አባል ረቂቁን አቀረበ፤ በ1995 ሕግ ሆኖ ጸደቀ፣ በ1996 ደንቡ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በገንዘብ ተቀብሎ ውሃ ላይ፣ ዋሻ ውስጥ፣ ዐለት ላይ ወይም ራቅ ያለ ተራራ ላይ የሚወስድ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ተቆጣጣሪው ሲመጣ የሚያየው ገመድና ጀልባ ብቻ አይደለም፤ ሠራተኛ ለብቻ ይጠራና ይጠይቃል። እኔንም ጠይቆኝ ያውቃል። «ነፋሱ አላማረሽም እንበል፣ አለቃሽ ግን ውጡ አለ። ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ። የጠየቀኝ ይህን ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

በ2010 ሎርድ ያንግ የተባሉ ፖለቲከኛ ለመንግሥት ባቀረቡት ሪፖርት ይህ የፈቃድ አሠራር ቀርቶ በመመሪያ ይተካ ብለው ነበር፤ ቢሮክራሲ በዛ ነው ነገሩ። እኔ ይህን ስጽፍ ፈቃዳችን ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው።

ሕጉ ግን ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳውም እኛን ሀበሾችን ይመለከታል። ትምህርት ቤት ለራሱ ተማሪዎች ካዘጋጀው ፈቃድ አያስፈልግም። የበጎ ፈቃድ ማኅበር ለራሱ አባላት ካዘጋጀውም አያስፈልግም። ልጁ ከወላጁ ጋር ከመጣም እንደዚያው። ሰው ሠራሽ የመውጫ ግድግዳና ከዛፍ ዛፍ የሚኬድበት የገመድ መንገድ ከመጀመሪያውም በፈቃዱ ውስጥ የሉም። ስለዚህ የአንድ ቤተክርስቲያን ወጣቶች ጉባኤ ተሰባስቦ፣ ካያክ ተከራይቶ፣ ልጆቹን ራሱ ይዞ ሐይቅ ቢወርድ፣ ፈቃድህን አሳየኝ የሚለው የለም። ጠቅላላው የሥራ ደህንነት ሕግ እንዳለ ነው፤ መጥቶ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ግን የለም። በነገራችን ላይ፣ ይህን የምታነቡ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተባባሪዎች ካላችሁ፣ ርካሹ መንገድ ይህ መሆኑን ከእኔ በፊት እንደደረሳችሁበት አውቃለሁ።

ወደ እኛ የመጡት ግን በሕጉ መንገድ ነው የመጡት። ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ከለንደን አንድ ቤተክርስቲያን 19 ልጆች ለሦስት ቀን ያዙ። ድፎ ዳቦ ጋግረው ሸጠው ነው ገንዘቡን ያጠራቀሙት። የጤና ቅጾቹ ከሳምንት በፊት በኢሜይል ደረሱ፤ ዋና አሠልጣኛችን «የአገርሽ ልጆች ናቸው፣ አንቺ እይው» ብሎ ሰጠኝ።

19 ቅጽ፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ። መዋኘት ይችላል? ይችላል። ትችላለች? ትችላለች። 19ኙም። የጤና ችግር፦ የለም። የሚወስደው መድኃኒት፦ የለም። የለም፣ የለም፣ የለም፤ ገጹ ላይ እንደ ጥልፍ ወርዷል። አስተባባሪውን፣ ጋሼ የሚሏቸውን ሽማግሌ፣ ደወልኩላቸውና «ጋሼ፣ ቅጾቹን ወላጆች ናቸው የሞሏቸው?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ፣ እነሱማ ሥራ ላይ ናቸው። ለምን እናስቸግራቸዋለን፤ እኔው ሞላሁት።»

ሁሉም መዋኘት ይችላሉ ወይ ስላቸው «ልጆች አይደሉ እንዴ» አሉኝ።

እዚህ ላይ አልስቅም፤ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ካደግነው ስንቶቻችን ነን የምንዋኘው? ላንጋኖ ሄደን እስከ ጉልበታችን ገብተን፣ ፎቶ ተነስተን ነው የተመለስነው። ግን ቅጽ ላይ «አይችልም» ብሎ መጻፍ ልጅን ከሰልፍ እንደማስወጣት ይቆጠራል። በስደት ያለ ወላጅ ደግሞ ቅጽ ሲያይ የሚያየው ፈተና ነው። የቤት ቅጽ፣ የቪዛ ቅጽ፣ የድጎማ ቅጽ ሞልቶ ነው እዚህ የደረሰው፤ የተሳሳተ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ የሚያመጣውን ያውቃል። ስለዚህ የሚሞላው እውነቱን ሳይሆን የሚያሳልፈውን መልስ ነው። የእኛ ሥራ ቅጽ ግን የሚያሳልፍ መልስ የለውም። «አይችልም» ብትሉኝ ልጁን አላስቀረውም፤ ሌላ ጀልባ እሰጠዋለሁ።

ቅጾቹን እንደገና ላክንላቸው። ዘጠኙ ብቻ ተመለሱ።

መጡ። ፍልሰታ ነው፤ ልጆች እርስ በርስ እየተፎካከሩ የሚጾሙት ጾም። ሁለት እናቶች ምግብ ሊሠሩ አብረው መጥተዋል፤ በርበሬውም ሽሮውም በዘንቢል ተጭኖ መጥቷል። በመጀመሪያው ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ካያክ አለን። ሁለት ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ገብቼ ውሃ ስቀዳ አንደኛዋ እናት እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ጠጋ አለችኝ።

«አንቺ የሀበሻ ልጅ ነሽ አይደል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«የእኔው ልጅ፣ ያ ረጅሙ፣ ትንሽ ያመዋል።»

«ምን ያመዋል?»

በሩን አየችው። «ያ ነገር።»

ትንሽ ቆየሁና «ይጥለዋል?» አልኳት።

አዎ አላለችም። «ከአምና ወዲህ እንኳ አልመጣበትም» አለች። ቀጥላም «ለማንም እንዳትነግሪብኝ፣ በእመቤቴ።»

ስልጠና ላይ ደጋግመው ከሚነግሩን ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ ሚስጥር እጠብቃለሁ ብለሽ ቃል አትግቢ። ልጅም ይሁን ወላጅ ጆሮሽ ላይ ሊነግርሽ ሲል፣ ለሚመለከተው ሰው ልነግር እንደምችል አስቀድሜ እናገራለሁ። እንግሊዝኛው ላይ ቀላል ነው። በአማርኛ፣ በእመቤታችን ለማለችሽ እናት፣ በፍልሰታ፣ ቀላል አይደለም።

«እትዬ» አልኳት፣ «ለልጆቹ አልናገርም። እርስዎ ካልፈለጉ ለጋሼም አልናገርም። ለአንድ ሰው ግን እነግራለሁ፣ ለዋናው አሠልጣኝ። እሱ ሳያውቅ ልጁን ውሃ ላይ አላወጣውም።»

«ከጀልባው ታወርዱታላችሁ። አወቅሁት። ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው ያደረጉት፤ ከነገርኳቸው ወዲህ ዋና አያስገቡትም።» ዓይኗ እንባ ሞላ። አዲስ አበባ እያሉ መንገድ ላይ ጥሎት ሰው ክቦ ክብሪት ጭሮ ሲያሸትተው፣ አንዷ ሴትዮ «አትንኩት፣ አረፋው ይጋባል» ስትል እንደነበር ነገረችኝ። ታላቅ እህቱ ዘንድሮ ልታገባ ነው፤ የሙሽራው ቤተሰብ አያውቅም። ቅጹ ላይ ያልጻፈችው ይህን ሁሉ ነው። በአንዲት መስመር ላይ «የለም» ተብሎ የተጻፈው ይህ ሁሉ ነው።

«መድኃኒቱን ዛሬ ወስዷል?» አልኳት።

«ይጾማል እኮ። ስድስት ሰዓት ላይ ከምግቡ ጋር ይወስዳል።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ማንኛውም የእንግሊዝ ቅጽ አያገኛትም። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው በብዛት ከሚያስነሱበት ነገሮች ዋነኛው መድኃኒትን በሰዓቱ አለመውሰድ ነው፤ እንቅልፍ ማጣትና ምግብ መዝለልም አሉበት። ይህ ልጅ ከለንደን ሰባት ሰዓት በአውቶቡስ መጥቶ፣ ሌሊቱን ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ አድሮ፣ ሳይበላ፣ መድኃኒቱን ሳይወስድ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ለብቻው ካያክ ውስጥ ሊቀመጥ ነበር።

ስለምንለብሰው ነገርም አንድ ልጨምር። ልጆቹ ደረታቸው ላይ የሚያስሩት ስፖንጅ የሞላበት ሰደርያ በተለምዶ ላይፍ ጃኬት ይባላል እንጂ እውነተኛው ላይፍ ጃኬት አይደለም። ያንሳፍፋል፤ ራሱን የሳተን ሰው ግን ፊቱን ወደ ላይ አይገለብጥም። የሚገለብጠው ሌላ፣ ወፈር ያለ፣ ለመቅዘፍ የማይመች ነው። ስለዚህ ለሚዋኝም ለማይዋኝም ልጅ በቂ የሆነው ሰደርያ ለዚህ ልጅ በቂ አይደለም። ይህን ካላወቅን ትክክለኛውን ዕቃ ትክክል ላልሆነ ሰው አልብሰን፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርገን እንወጣለን።

ዋና አሠልጣኛችን ስነግረው «አይሆንም» አላለም። ጥያቄ ነው የጠየቀው። ሲመጣበት ምን ይመስላል? ቀድሞ ይታወቀዋል? ስንት ደቂቃ ይቆያል? የድንገተኛ መድኃኒት አለው? እናቲቱን ልጠይቅ ተመለስኩ። አለው፤ ድዱና ጉንጩ መሀል የሚጨመረው ዓይነት። የት ነው? በቦርሳዋ ውስጥ፣ ወጥ ቤት፣ ከበርበሬው ሥር። ሐይቁ ከወጥ ቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። በጎን ማስተኛት፣ ከራሱ ሥር ልብስ ማድረግ፣ ሰዓት መያዝ፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ መጥራት፤ ይህን ሁላችንም ተምረናል። ማን ላይ እንደምንጠቀምበት ግን ሰው ካልነገረን አናውቅም።

ጠዋቱን ካያክ ሰረዝን፤ ለሁሉም። ምክንያቱ እሱ ብቻ አልነበረም። ቁርስ ያልበሉ ልጆችን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ማውጣት በራሱ ጥሩ ሐሳብ አይደለም። ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ጎበዝ ዋናተኛ የሚሰምጠው ብዙ ጊዜ በዚያን ጊዜ ነው። ጋሼ ተቆጡ። «ልጄ፣ ከፍለን ነው የመጣነው። ሰማዩን እዪው፣ ፀሐይ ነው። እግዚአብሔር ይጠብቃቸዋል።» ልጆቹም አጉረመረሙ። ከሰዓት እንወጣለን፣ ከበሉ በኋላ አልኳቸው። ያስታረቀን አብሯቸው የመጣው ወጣት ዲያቆን ነው። «የታመመ አይጾምም፤ መድኃኒት የሚወስድም እንደዚያው፤ ይህ የቤተክርስቲያን ሥርዓት ነው» አለ፣ ለሁሉም በጅምላ፣ ማንንም ሳያይ። ምን ያህል ያውቅ እንደነበር አልጠየቅሁትም።

ጠዋቱን ልጆቹን አንድ በአንድ ሐይቁ ዳር ጠራናቸው። «መዋኘት ትችላለህ?» ብለን አልጠየቅንም። «ጀልባው ቢገለበጥ፣ ውሃው እዚህ ቢደርስ፣ ምን ታደርጋለህ?» ነው ያልነው፣ አገጫችንን እያሳየን። ጓደኛ ሳይሰማ፣ ጋሼ ሳይሰሙ። ከ19ኙ 11ዱ መዋኘት እንደማይችሉ ነገሩን። አንዷ ልጅ ኢንሃለሯን ለንደን ረስታ መጥታለች።

ስለዚህ ካያኩን ትተን ሁሉንም ባለሁለት ሰው ታንኳ ላይ አደረግናቸው። ለረጅሙ ልጅ የወጣለት ዕቅድ ከሌሎቹ ጎልቶ አልታየም። መድኃኒቱን በሰዓቱ ወስዶ፣ ደህና ተኝቶ፣ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ወጣ። ከኋላው ዋና አሠልጣኛችን ተቀምጦ፣ ፊት የሚገለብጠውን ላይፍ ጃኬት ለብሶ፣ ከዳር ሳይርቁ፣ የድንገተኛ መድኃኒቱ ውሃ በማያስገባ ከረጢት እኔ ጋ፣ በነፍስ አድን ጀልባው ላይ። ምንም አልሆነም። ሁለት ሰዓት ቀዘፈ፣ ተመለሰ።

ልጁ አመሰገነኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አላመሰገነኝም። ሲወጣ በእንግሊዝኛ «እናቴ ነገረችሽ፣ አይደል?» አለኝና፣ መልስ ሳይጠብቅ፣ ብቻውን ካያክ መቅዘፍ ብቻ ነበር የፈለገው፣ ለዚያ ነበር ዳቦ ሲሸጥ የከረመው። 14 ዓመቱ ነው። እውነት ለመናገር ምን ብዬ እንደማጽናናው አላገኘሁም። በሚቀጥለው ቀን ዐለት ወጣ፤ እዚያ ከላይ በገመድ ስለሚያዝ ራሱን ቢስት ገመዱ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ከማንም እኩል ነው። ከሁሉም በፊት ጫፍ ደረሰ። ወደ እኔ አላየም።

የሚናገር ሰው መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ያንንም አውቃለሁ። እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ኤፕሪል 26 ቀን 2018ን ታስታውሳላችሁ። ለወታደራዊ አገልግሎት የሚዘጋጁ 25 ወጣቶች ከሙት ባሕር አጠገብ ናሐል ጻፊት በሚባል የደረቅ ወንዝ ሸለቆ ጉዞ ወጡ። የዝናብና የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ተላልፎ ነበር። ከልጃገረዶቹ አንዷ በዚህ አየር መውጣታቸውን ማመን እንዳቃታት፣ ልንሞት ነው እስከ ማለት ድረስ፣ አስቀድማ ለጓደኛዋ በስልኳ ጽፋለች። ጎርፉ ደርሶ አሥሩ ሞቱ፤ እሷም ከእነሱ አንዷ ናት። አስተውሉ፣ የጻፈችው ለጓደኛዋ ነው። ሁለቱ የላይም ሪጂስ አሠልጣኞች ቢያንስ ለአለቃቸው ጽፈዋል። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ አሥራ አምስትና ሃያ ሰው ለመሄድ ጫማውን እያሰረ እያለ ተነስታ «አልሄድም» እንድትል መጠበቅ ደግሞ ብዙ መጠበቅ ነው። ለዚህ ነው የእኛ ማዕከል ደንብ ውስጥ ከሁሉ የምወደው አንዲት አጭር ነገር፦ ማንኛውም ሠራተኛ፣ የትናንት ቅጥርም ቢሆን፣ «አቁሙ» ካለ ሁሉም ይቆማል፤ ለምን የሚለው የብስ ላይ ከደረስን በኋላ ይጠየቃል። ልጆቹንም ጠዋት ጠዋት እንነግራቸዋለን። እስካሁን የሠራችበት አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ዋሻ በር ላይ። ወጣን፣ ቆይቶ እንደገና ገባ።

ከዚያ ክረምት በኋላ ዋና አሠልጣኛችን ቅጹን በአማርኛ እንድጽፈው ጠየቀኝ። ሁለት ቀን የሚፈጅ መስሎኝ ነበር፣ ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ። «መዋኘት ይችላል?» የሚለውን አወጣሁና ሐይቁ ዳር የጠየቅነውን ጥያቄ አስገባሁ። መድኃኒት የሚለው ሥር «በጾም ጊዜስ የሚወስድበት ሰዓት ይለወጣል?» የሚል ጨመርኩ። መጻፍ ለማይፈልግ፣ ደውሎ በቃል ለሚነግር ወላጅ ስልክ ቁጥር ከነቋንቋው አስቀመጥን። የቸገረኝ አንድ መስመር ነው። «የሚጥል በሽታ» ብዬ ልጻፍ ወይስ «ኢፒሌፕሲ»? አንደኛው ያስፈራል፣ ሁለተኛውን ብዙ እናት አታውቀውም። «የሚጥል ሕመም» ብዬ አለዝቤ ረቂቁን ለዚያች እናት በቴሌግራም ላክሁላት፤ ከሄዱ ወዲህ አልፎ አልፎ እንጻጻፋለን፣ የልጇን የሠርግ ፎቶ ሁሉ ልካልኛለች።

በድምፅ መለሰችልኝ። ከኋላዋ ቡና ሲወቀጥ ይሰማል። «አንቺ ልጅ፣ ስሙን ከጻፍሽው ማንም አይሞላልሽም፣ በከንቱ አትድከሚ። እንዲህ በይ፦ ‹ልጅዎ ራሱን ስቶ ያውቃል?› ይኼን እኔም እሞላው ነበር።»

ጻፍኩት። ዋና አሠልጣኛችን አማርኛው ምን እንደሚል ሲጠይቀኝ መልሼ ወደ እንግሊዝኛ ገለበጥኩለት። የልብ ችግር ያለበትም፣ ስኳር ያለበትም፣ በባዶ ሆዱ የሚወድቀውም በዚህ ጥያቄ ይገኛል አለና የእንግሊዝኛውንም ቅጽ በዚያው ቀየረው።